ለልጅ የሚጻፍ ቃል፤ ስለ ቸርችል ቤተ ሰብ የግል ደብዳቤዎች የተደረገ ንግግር




ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ይኸውም የአንድ የእንግሊዝ የመኳንንት ቤተ ሰብ የግል ደብዳቤዎች ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «የባዕድ አገር መኳንንት እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት ለእኛ ለመምህራን ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። በእነዚህ ደብዳቤዎች መካከል የቆመው ዋና ባለ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይሆን ተማሪ ነው። አባቱ፥ እናቱ፥ ሞግዚቱና መምህሩ ስለ እሱ ይጻጻፋሉ፤ እሱም በተራው ይጽፍላቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬ ስናነባቸው፥ ለልጅ የተጻፈ ቃል ምን ያህል ረጅም ዕድሜ እንዳለው ያሳዩናል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ቤተ ሰቡ የቸርችል ቤተ ሰብ ነው። ሰር ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፥ በፌብሩዋሪ 1945ም በካይሮ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙ ስለ ሆኑ፥ ስማቸው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አባታቸው ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል የሰባተኛው የማርልባራ መስፍን ልጅ ነበሩ። በፓርላማ ንግግራቸው ዝናን ያተረፉ፥ በ1886 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ጥቂት ወራት ብቻ ከሠሩ በኋላ ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ፥ ዳግመኛም ወደዚያ ማዕርግ ያልተመለሱ ሰው ናቸው። እናታቸው ጄኒ ጄሮም በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ፥ በብሩክሊን የተወለዱ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ነበሩ። ሁለቱ በ1874 ተጋቡ፤ ዊንስተንም በዚያው ዓመት በኖቬምበር 30 ቀን በብሌኒም ቤተ መንግሥት ተወለደ። በልጅነቱ የሆነውን ስናገር እንደ ልጅ «ዊንስተን» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ይህ ቤተ ሰብ ለምን ይህን ያህል ተጻጻፈ? ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመኳንንቱ ልማድ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ልጁን በራሱ እጅ አያሳድግም ነበር። ሕፃኑ ከሞግዚት ጋር በቤቱ ላይኛው ክፍል ያድጋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካል። አባት በምክር ቤትና በምርጫ ቅስቀሳ፥ እናት በግብርና በግብዣ ተይዘው ይውላሉ። ስለዚህ ወላጅንና ልጅን የሚያገናኛቸው ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ፖስታው ነው። ከ1840 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ አገር አንድ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ይላክ ነበር። ይህን ሥርዐት ያስገኙት ሮላንድ ሂል አስቀድመው በአባታቸው ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ መምህር መሆናቸውን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ። ከዊንስተን ደብዳቤዎች የመጀመሪያው በጃንዋሪ 1882፥ በሰባት ዓመቱ፥ ከብሌኒም ለእናቱ የጻፈው ነው። ስለ ላኩለት የአሻንጉሊት ወታደሮች፥ ባንዲራዎችና ግንብ ያመሰግናል፤ ፍቅሩንና ብዙ መሳም ይልካል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በአስኮት አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ሴይንት ጆርጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሕፃናትን እስኪደሙ ድረስ የሚገርፉ ሰው እንደ ነበሩ በዚያ የተማሩ ሰዎች በኋላ መስክረዋል። ዊንስተን ከዚያ ሆኖ ወደ ቤቱ የላካቸውን ደብዳቤዎች ስናይ ግን በትምህርት ቤቱ በጣም ደስ እንዳለው ይናገራሉ። ዐዋቂ ሆኖ በ1930 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው ያንን ቦታ ምን ያህል ይጠላው እንደ ነበረ የገለጠው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ሕፃኑ ዋሽቶ ነበርን? እኔ እንዲህ አልልም። ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ፥ መምህር በሚያስተዳድረው ቤት ተቀምጦ፥ እናቱን ላለማሳዘንና መምህሩን ላለማስቆጣት የሚጽፈው ቃል ይህ ብቻ ነበር። የእኛም አገር ተማሪ ከሩቅ ከተማ ሲጽፍ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ የተራበ ቢሆንም፥ የታመመ ቢሆንም፥ የሚጀምረው በዚሁ ነው። የልጅን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም መፈለግ አለበት። በወሬ እንደሚነገረው በሴይንት ጆርጅ የደረሰውን ግርፋት ያወቀችው ደብዳቤ ያነበበች ሳትሆን ሰውነቱን ያጠበችው ሞግዚቱ ናት። የትምህርት ቤቱ የውጤት መግለጫ ደግሞ በበኩሉ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ልጁ በአንድ ወቅት ሃያ ጊዜ መዘግየቱን፥ ጠባዩም የማያስተማምን መሆኑን መዝግቦአል። ደብዳቤውና መግለጫው ወደ አንድ ቤት ደረሱ፤ አንዱ «ደስ ብሎኛል» ይላል፥ ሌላው «አስቸጋሪ ነው» ይላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ለጊዜው አልተገኘም።

በ1884 ጤናው ስለ ተጓደለ፥ ሁለት እኅትማማቾች በብራይተን ወደሚያስተዳድሩት አነስተኛ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያ ርኅራኄ አገኘ፤ የሚወደውን ታሪክና ቅኔ፥ ዋናና ፈረስ ግልቢያ እንዲማር ተፈቀደለት። ከብራይተን የተላኩት ደብዳቤዎች ሕይወት ያላቸው ናቸው። አባቱ ለፖለቲካ ጉዳይ ወደዚያው ከተማ መጥተው ሳያዩት እንደ ተመለሱ በሰማ ጊዜ፥ እጅግ ማዘኑን ገልጦ፥ ወዲያው ደግሞ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ሲል ይጽፋል። ልጁ ቅሬታውንና የአባቱን ይቅርታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብሮ ሲያኖር እናያለን። በ1887 የንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ ደግሞ ወደ ሎንዶን እንዲፈቀድለት እናቱን አጥብቆ ለመነ። እናቱ እንዳይዘነጉትም፥ ለትምህርት ቤቱ ኀላፊ የሚጻፈውን የፈቃድ ደብዳቤ ራሱ አርቅቆ፥ ገልብጠው ብቻ እንዲልኩት አብሮ ሰደደላቸው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። የደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ለሚለን ተማሪ ይህን ብንነግረው ሳያስቀው አይቀርም፤ ፈቃዱንም አግኝቶ ሎንዶን ሄዶአል።

በኤፕሪል 1888 ወደ ታወቀው ወደ ሃሮው ትምህርት ቤት ገባ። ከገባ ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፥ በጁላይ 12 ቀን፥ ኀላፊነቱ የነበራቸው መምህር ዴቪድሰን ለእናቱ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ይህን ደብዳቤ የማስተማር ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ። መምህሩ የልጁን ጥፋት አይሸፍኑም፤ መርሳቱን፥ ቸልተኝነቱን፥ ሰዓት አለማክበሩን፥ ሥርዐት ማጣቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ ይህ ካልታረመ በትምህርት ቤቱ ሊሳካለት እንደማይችልም በግልጥ ያስጠነቅቃሉ። ነገር ግን ከዚሁ ጋራ ሦስት ነገር ጨምረዋል። አንደኛ፥ ሆን ብሎ የሚያስቸግር ልጅ አለመሆኑን ተናገሩ። ሁለተኛ፥ በችሎታው ቢሆን ከክፍሉ አንደኛ መሆን ይገባው እንደ ነበረ፥ ዛሬ ግን መጨረሻ መሆኑን አመለከቱ። ሦስተኛ፥ በታሪክ በሠራው ሥራ መደሰታቸውን ገለጡ። ጥፋቱ የተጻፈው እንደ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ የሚተው ነገር ነው። ልጁ ራሱ ግን አልተፈረደበትም።

በዚያው በሃሮው ሌላ መምህር ነበሩ። ስማቸው ሮበርት ሶመርቬል ይባላል፤ ለላቲንና ለግሪክ አይበቁም ተብለው ወደ ታችኛው ክፍል ለተገፉት ልጆች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። ረጅም ዐረፍተ ነገር ወስደው ባለቤቱን፥ ግሡን፥ ተሳቢውን እየለዩ በጥቁር፥ በቀይ፥ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ይከፋፍሉት ነበር። ዊንስተን በዚያ ክፍል ከሌሎቹ ይበልጥ ረጅም ጊዜ ስለ ቆየ፥ የዐረፍተ ነገር አሠራር ከአጥንቱ ውስጥ እንደ ገባ በ1930ው መጽሐፉ ለመምህሩ ምስጋና አቅርቦአል። ይህ ልጅ በ1953 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሰው ነው። የመጨረሻው ክፍል መምህር የሠራውን ሥራ በዚህ ልክ እንድናየው አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንሸጋገራለን። በ1891 የሃሮው ርእሰ መምህር ዊንስተን ለጦር ትምህርት ቤት ፈተና ፈረንሳይኛውን እንዲያሻሽል የገናን ዕረፍት በፈረንሳይ አገር እንዲያሳልፍ ጠየቁ። ልጁ ገናን ከቤቱ ርቆ ማሳለፍ ስላልፈለገ ለእናቱ ደጋግሞ ረጅም አቤቱታ ጻፈ። እናቱ ከአንዱ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንዳነበቡ፥ አጻጻፉም ደስ ስላላሰኛቸው መልሰው እንደ ላኩለት ገለጡ። እሱም በመልሱ፥ ከእንግዲህ ረጅም ደብዳቤ አልጽፍም፤ ርዝመቱ ላለመነበቡ ምክንያት እንደ ሆነ ተረድቻለሁ አለ። ገናውን በቬርሳይ አሳለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ዊንስተን ለሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ፥ በ1893 በሦስተኛው አለፈ። ያገኘው ነጥብ ግን ለእግረኛ ጦር የሚያበቃ ስላልነበረ ለፈረሰኛ ጦር ተመደበ፤ ፈረሰኛ ደግሞ ለፈረሱና ለመሣሪያው ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ልጁ ማለፉን እንደ ታላቅ የምሥራች አድርጎ ለአባቱ ጻፈ። ሎርድ ራንዶልፍ በኦገስት 9 ቀን የመለሱለት ደብዳቤ ከቤተ ሰቡ ወረቀቶች ሁሉ እጅግ የታወቀው ነው። የእንኳን ደስ ያለህ ቃል የለበትም። ግድ የለሽ የአሠራር ጠባዩ ወደዚህ ውጤት እንዳደረሰው ከነቀፉ በኋላ፥ ስለ ራሱ ሥራ ቢጽፍላቸው ከእንግዲህ ቁም ነገር አድርገው እንደማይመለከቱት አስታወቁት። በመጨረሻም በትምህርት ቤት ከወደቁት በመቶ ከሚቆጠሩት ሰዎች እንደ አንዱ ሆኖ፥ የማይረባና አሳዛኝ ኑሮ እንደሚኖር ተነበዩለት። ልጁ በመልሱ ማዘኑን ገልጦ፥ በሳንድኸርስት በሚያሳየው ሥራና ጠባይ የአባቱን አስተያየት ለመለወጥ እንደሚሞክር ቃል ገባ።

ስለ አባትየው በፍትሕ እንናገር። በዚያን ጊዜ ሎርድ ራንዶልፍ የፖለቲካ ሕይወታቸው የተሰበረ፥ ሰውነታቸውም በበሽታ የሚደክም ሰው ነበሩ። የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ልጁ በእውነት ሰነፍ ሆኖ ነበር፤ ገንዘቡም በእውነት የሚያስጨንቅ ነበር። ስለዚህ የደብዳቤው ስሕተት ቁጣው አይደለም። ቁጣ ያልቀመሰ ልጅ የለም። ስሕተቱ ነቀፌታውን ወደ ትንቢት መለወጡ ነው። መምህር ዴቪድሰን «ይህን ካላረመ አይሳካለትም» ብለው ነበር፤ አባቱ ግን «አንተ እንዲህ ያለህ ሰው ነህ፤ መጨረሻህም ይህ ነው» አሉ። የመጀመሪያው ቃል ለልጁ በር ይተውለታል፤ ሁለተኛው በሩን ይዘጋበታል።

ትንሹ ነገር እንኳ እንዴት ይከብድ እንደ ነበረ አንድ ታሪክ ያሳያል። በ1894 አባቱ የሰጡት የወርቅ ሰዓት በሳንድኸርስት ከኪሱ ወድቆ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ገባ። ዊንስተን ወዲያው ልብሱን አውልቆ ጠለቀ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለ ነበረ አልተሳካለትም። ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ወታደሮች በገንዘብ ቀጥሮ፥ ለጅረቱ አዲስ መውረጃ አስቆፍሮ፥ የእሳት ማጥፊያ የውሃ መሳቢያ ተውሶ ኵሬውን በሙሉ አስመጥጦ ሰዓቱን አወጣ፤ ለማሳደስም ላከው። አባቱ ነገሩን ከሰዓት ሠሪው ሰምተው ብርቱ ተግሣጽ ጻፉለት፤ ታናሽ ወንድሙ ጃክ የተሰጠውን ሰዓት በደንብ መጠበቁን እየጠቀሱ አነጻጸሩት። ለአንድ ሰዓት ሲል ወንዝ ያስለወጠ ልጅ፥ የሚፈራው የሰዓቱን ዋጋ ነበርን ወይስ የአባቱን ቃል? አባትየው በጃንዋሪ 24 ቀን 1895 ዐረፉ። ያ ደብዳቤ ሳይሻር ቀረ።

በዚህ ሁሉ መካከል በትልቁ ቤት ውስጥ አንዲት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴት ነበሩ፤ ሞግዚቷ ኤልሳቤጥ ኤቨረስት። ለዊንስተን የጻፏቸው ደብዳቤዎች ስለ ጤናው፥ ስለ ልብሱ፥ ስለ ገንዘብ አያያዙና ስለ ጠባዩ የሚመክሩ፥ በፍቅር የተሞሉ ናቸው። በ1893 ልጆቹ አድገዋልና አያስፈልጉም ተብሎ እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ዊንስተን በኦክቶበር ወር ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ በወጣትነቱ ከጻፋቸው ሁሉ የላቀ ይመስለኛል። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ያገለገሉ አሮጊት ሴት፥ በዕረፍት ስም ከቤት ከተላኩ በኋላ፥ የት እንደሚሄዱ እንኳ ሳያውቁ በደብዳቤ መሰናበታቸው ጭካኔ መሆኑን ለእናቱ በግልጥ ተናገረ። ስለ ራሱ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ የተከለከለው ልጅ፥ ስለ ሌላ ሰው መብት ሲሆን ብዕሩን አልያዘም። ውሳኔውን ማስለወጥ ግን አልቻለም። ሞግዚቷ በጁላይ 1895 ሲሞቱ አጠገባቸው ነበረ። ዝናብ መትቶት ስለ ነበር በሞት አልጋ ላይ ሆነው የኮቱን መራስ ዳስሰው፥ ብርድ እንዳይመታው እንደ ሠጉለት ራሱ ጽፎአል። ከወንድሙ ጋር ሆኖ በመቃብራቸው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመ።

አባቱ ከሞቱ በኋላ የእናትና የልጅ ደብዳቤ መልኩን ለወጠ። ዊንስተን በ1896 ከፈረሰኛ ክፍለ ጦሩ ጋር ወደ ሕንድ አገር፥ ወደ ባንጋሎር ሄደ። ዩኒቨርሲቲ አለመግባቱን ተገንዝቦ፥ ራሱን ለማስተማር ቈረጠና እናቱን መጻሕፍት እንዲልኩለት ጠየቀ። ሌዲ ራንዶልፍም የጊበንን ታሪክ በ8 ቅጽ፥ የማኮሌይን ድርሰቶች በ12 ቅጽ ላኩለት። በቀን 50 ገጽ ከማኮሌይ፥ 25 ገጽ ከጊበን እንደሚያነብ ጻፈላቸው። የፓርላማን ክርክር የያዙትን የየዓመቱን መዛግብት ሲቀበል ደግሞ፥ ክርክሩን ከማንበቡ በፊት የራሱን አስተያየት በወረቀት ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ከተናገሩት ጋር ያስተያየው ነበር። ስለ ጦር ሜዳ የጻፈውን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1898 ለኅትመት ያበቁት፥ ጋዜጣም ያገኙለት እናቱ ናቸው። ስለ ገንዘብ ማባከን ግን ሁለቱ ሲወቃቀሱ ኖረዋል። ያን ጊዜ ገጹን ሳይጨርሱ የመለሱት እናት፥ አሁን የልጃቸው የትምህርት ረዳት ሆነዋል። ወላጅም ይማራልና፥ በአንድ ደብዳቤ ብቻ ልንፈርድባቸው አይገባም። ከሁሉም በላይ የልጅነቱን ደብዳቤዎች ጠብቀው ያቆዩልን እኚሁ እናት ናቸው።

ቸርችል በ1908 ክሌመንታይን ሆዚየርን አገቡ። ባልና ሚስት ከዚያ ጀምሮ በሕይወታቸው ዘመን ወደ 1,700 የሚጠጉ ደብዳቤዎች፥ ማስታወሻዎችና ቴሌግራሞች ተጻጽፈዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ከክፍል ወደ ክፍል ይጻጻፉ ነበር። እሷ የድመት፥ እሳቸው የአሳማ ሥዕል ከፊርማቸው አጠገብ ይሥሉ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እጠቅሳለሁ፤ እሱም በጁን 27 ቀን 1940 የተጻፈው ነው። ፈረንሳይ ከወደቀች ጥቂት ቀን ብቻ ሆኖአል፤ እንግሊዝ ብቻዋን ቀርታለች፤ ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ወይዘሮ ክሌመንታይን አንድ ታማኝ ወዳጅ መጥቶ እንደ ነገራቸው ገልጠው፥ ቸርችል ለበታቾቻቸው በሚያሳዩት ሻካራና ተሣላቂ ጠባይ የተነሣ እንዳይጠሉ እንደሚያሠጋ ጻፉላቸው። እንዲህ ያለ ታላቅ ሥልጣን የያዘ ሰው ትሕትናን፥ ደግነትንና እርጋታን ሊያክልበት ይገባል አሉ። አገሪቱንና እሳቸውን የሚያገለግሉ ሰዎች ከማክበር አልፈው እንዲወዷቸው እንደሚመኙም ነገሯቸው። በመጨረሻ ላይ ይህን ደብዳቤ ባለፈው እሑድ ጽፈው እንደ ቀደዱት፥ አሁን ግን እንደገና እንደ ጻፉት አመለከቱ፤ ከሥሩም የድመቷን ሥዕል ሣሉ።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ደብዳቤ ከ1893ቱ ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ተግሣጽ ናቸው። ሁለቱም እውነት አለባቸው። አንዱ በቁጣ ተጽፎ በዚያው ተላከ፤ ሁለተኛው ተጽፎ ተቀደደ፥ ታስቦበት እንደገና ተጻፈ። አንዱ ሰውየውን ከጥፋቱ ጋር አንድ አድርጎ ጣለው፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ከሰውየው ለይቶ ሰውየውን አቀፈው። የተግሣጽ ጥበብ ማለት ይህ ነው። በዓለም ላይ ብዙ የሚፈራ ሰው እንኳ እንዲህ ያለውን ተግሣጽ ሊቀበለው ይችላል።

የሚያሳዝነው ግን የመጀመሪያው ዐይነት ደብዳቤ መራባቱ ነው። ቸርችል በአባታቸው ዝምታና ቁጣ የተጎዱ ስለ ሆኑ ለልጃቸው ለራንዶልፍ ብዙ ፍቅርና ብዙ ነጻነት ሰጡ። ሆኖም ልጁ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሥራ ፈትቶ መዋሉን ባዩ ጊዜ፥ በ1920ዎቹ መጨረሻ የጻፉለት ደብዳቤ የሎርድ ራንዶልፍን ድምፅ የሚያስታውስ ነው። ያ ቃል ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል በልብ ተቀምጦ ቆይቶ፥ ከሌላ ብዕር ወጣ። በ1947 ደግሞ፥ ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ፥ ጦርነቱም በድል ካበቃ በኋላ፥ ቸርችል «ሕልሙ» የተባለ አጭር ጽሑፍ ጻፉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሎርድ ራንዶልፍ ከሙታን ተመልሰው በልጃቸው የሥዕል ክፍል ይታያሉ፤ ስለ ዓለም ሁኔታ እየጠየቁ ይወያያሉ፤ ነገር ግን ልጃቸው ምን ሆኖ እንደ ነበረ ሳያውቁ ይሠወራሉ። ዓለም ሁሉ ያመሰገነው ሽማግሌ፥ ያንን የአባቱን ፍርድ ለማስለወጥ ገና ይጠባበቅ ነበር። ጽሑፉም የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ቸርችል ያረፉት በጃንዋሪ 24 ቀን 1965 ሲሆን፥ ቀኑ አባታቸው ከሞቱ ልክ ሰባ ዓመት የሞላበት ነበር።

ደብዳቤዎቹ ዛሬ በካምብሪጅ ከተማ በቸርችል ኮሌጅ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የታሪካቸውን የመጀመሪያ ቅጽ ልጃቸው ራንዶልፍ በ1966 አሳተመ፤ የልጅነት ደብዳቤዎቹም ከዚያ ጋር ለሕዝብ ታወቁ። የባልና የሚስቱን ደብዳቤዎች ሴት ልጃቸው ሜሪ ሶምስ በ1998 አሳተሙ። በ1995 የቸርችልን ወረቀቶች ከብሔራዊ ሎተሪ በተገኘ፥ ከ12 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ገንዘብ ከቤተ ሰቡ በተገዙ ጊዜ፥ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው አጉረምርሞ ነበር። የአንድ ልጅ የፈቃድ ልመናና የአንዲት ሞግዚት ምክር የሕዝብ ሀብት ሆኖ የተቆጠረው በዚህ መንገድ ነው። የሰውን የግል ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው፤ ባለቤቶቹና ወራሾቻቸው ለትምህርት በከፈቱት ጊዜ ግን ለሐሜት ሳይሆን ለማስተዋል ልናነበው ይገባል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንውሰድ? ለእኛ ሥራ የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን ላመልክት።

አንደኛ፤ የተማሪን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እናንብብ። ልጅ በመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ይሰጣል፤ ችግሩን የሚናገረው በመጨረሻው ገጽ ነው፥ ምናልባትም ከነአካቴው አይናገረውም። «ደኅና ነኝ» ብሎ የጻፈውን ልጅ ፊቱን እንመልከት፤ ገላውንም ያየውን ሰው እንጠይቅ።

ሁለተኛ፤ በውጤት መግለጫ ላይ የምንጽፋትን አንዲት መስመር አናቅልላት። የብዙ ተማሪዎቻችን ወላጆች ራሳቸው የማያነቡ ስለ ሆኑ፥ ያችን መስመር ለጎረቤት ያስነብቧታል፤ ልጁም ቆሞ ይሰማታል። «ሰነፍ ነው» ብለን ከመጻፍ «በሒሳብ አልሠራም፤ ቢሠራ ግን ይችላል» ብለን መጻፍ ብዙ ቀለም አይፈጅብንም። መምህር ዴቪድሰን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፤ በቁጣ የጻፍነውን ሌሊቱን እናሳድረው። በማግስቱ እውነት ሆኖ ካገኘነው እንላከው፤ ያን ጊዜም ከትንቢት የጸዳ ይሁን። የልጅን መጨረሻ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን መጀመሪያውን ማሳመር ነው።

ክቡራን ሆይ፤ በመዝገብ ቤታችን ውስጥ ያሉት የተማሪ ፋይሎች በካምብሪጅ እንዳሉት ወረቀቶች በሚሊዮን ፓውንድ አይገዙም። ይሁን እንጂ በውስጣቸው የጻፍነውን ቃል ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ። በዚህ ወር የምንሞላውን የውጤት መግለጫ ይህን እያሰብን እንድንሞላው አደራ እላለሁ።